የአቴንሱ አውሮፕላን ማረፊያና የቡታጅራ ልጃገረዶች

በሀገራችን ስፖርት ውስጥ እንደ ጀግንነት የሚተረክ፣ በእኔ እምነት ግን እንደ ክስ ሊነበብ የሚገባው አንድ ታሪክ አለ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1995፣ ቦታው የእንግሊዟ ደርሃም፣ ውድድሩ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ ወደዚያ ስትጓዝ አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያለ እንቅልፍ ተጉላላች፤ ደርሃም የደረሰችው ሩጫው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነበር። ሮጠች፤ አሸነፈችም።

ይህ ታሪክ በተነገረ ቁጥር «አቤት ጽናት!» እንላለን። እኔም እላለሁ፤ ጽናቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ጭብጨባው ጋብ ሲል እስኪ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ እንየው። በረራ ይዘገያል፣ ይሰረዛል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ይህን በማወቃቸውም ነው ለሻምፒዮኖቻቸው የሚያስቡ አገሮች ተወዳዳሪዎቻቸውን ቀናት አስቀድመው የሚልኩት። የእኛዋ ሻምፒዮን ግን ከአውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ተነሥታ በቀጥታ ወደ መሮጫው ገባች። ተሸንፋ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የቸልተኝነት ታሪክ ይባል ነበር። ስላሸነፈች የጀግንነት ታሪክ ሆነ፤ ቸልተኝነቱም በሜዳሊያው ተሸፍኖ ቀረ።

ሜዳሊያዎቻችን ሥርዓት ያለን አስመስለውናል። የለንም። ያለን ሥርዓት ሳይኖር የሚያሸንፉ ሰዎች ናቸው፤ የእነርሱንም ድል እየቆጠርን «ስፖርታችን አድጓል» እንላለን። የዚህን ማታለል ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ ሜዳሊያ ያመጡት አይደሉም። የሚከፍሉት እኔ በምኖርበትና በምመላለስበት አካባቢ፣ በወልቂጤና በቡታጅራ፣ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜያቸው ከቁጥር የወጡት ልጃገረዶች ናቸው።

ነገሩን ለማስረዳት ሁለት ሴቶችን ጎን ለጎን ላቁም። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ አጥልቀዋል። አንደኛዋን ሁላችንም እናውቃታለን። በቆጂ የተወለደችው ደራርቱ በነሐሴ 7 (በፈረንጆቹ) በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን የዞሩበት ምስል ዛሬም ከዓይናችን አልጠፋም። ሁለተኛዋን ከእኛ መካከል የሚያውቃት ጥቂት ነው። ኪም ሚ-ጁንግ ትባላለች፤ ደቡብ ኮሪያዊት ናት። ከደራርቱ ድል ዐሥር ቀን ያህል ቀደም ብሎ፣ በዚያችው ከተማ፣ በ72 ኪሎ ግራም የሴቶች ጁዶ ጃፓናዊቷን ዮኮ ታናቤን ረትታ ወርቅ ወሰደች። የሴቶች ጁዶ በሴኡል 1988 ለትርኢት ብቻ ታይቶ ሙሉ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው በባርሴሎና ነበር። ኪም በዚያ በር የገባች የመጀመሪያዋ ኮሪያዊት ባለ ወርቅ ናት። አንድ ዓመት ቀደም ብሎም እዚያው ባርሴሎና ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆና ነበር።

ጁዶን ከቴኳንዶ ለማይለይ አንባቢ፣ ብዙዎቻችንም አንለይምና፣ ባጭሩ ልናገር። ጁዶ ርግጫም ቡጢም የለበትም። ተጋጣሚህን ወፍራሙን የጥጥ ልብሱን ይዘህ ሚዛኑን ታስተዋለህ፣ ትጥለዋለህ፣ መሬት ላይ ትይዘዋለህ። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 የመሠረተው ነው። ለክርክሬ የሚያስፈልገኝ ግን አንድ ባሕርዩ ነው፦ ጁዶ ብቻህን የምትማረው ነገር አይደለም። ሩጫን ጎዳናና ኮረብታ ያስተምሩሃል፤ ጁዶ ግን የምትወድቅበት ንጣፍ፣ የሚጥልህ ጓደኛ፣ አወዳደቅ የሚያስተምርህ መምህርና እነዚህን በጣራ ሥር የሚሰበስብ አዳራሽ ይፈልጋል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሻምፒዮን ቀርቶ ተማሪም የለም።

አሁን የደራርቱን የውድድር ዘመን ተመልከቱ። ከባርሴሎና በኋላ ጉዳት። በ1995 የዓለም አገር አቋራጭ ወርቅና በጎተንበርግ የ10,000 ሜትር ብር። በ1996 የአገር አቋራጭ ሻምፒዮናው ስቴለንቦሽ ላይ ጫማዋ ወልቆ ታግላ አራተኛ፤ በዚያው ዓመት አትላንታ ላይም ከጉዳት ጋር አራተኛ። በ1997 እንደገና የአገር አቋራጭ ወርቅ። ከዚያ ልጅ ወለደች። «አበቃላት» ሲባል በ2000 ሲድኒ ላይ በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሴኮንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ አጠለቀች፤ ጌጤ ዋሚም ከኋላዋ ብሩን ወሰደች። በ2001 የለንደን ማራቶን፣ በዚያው ዓመት ኤድመንተን ላይ የዓለም ሻምፒዮናነት፣ በ2004 አቴንስ ላይ ነሐስ፣ በመጨረሻም በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክ ማራቶን። ከባርሴሎና እስከ ኒው ዮርክ ዐሥራ ሰባት ዓመት! በኋላም ከ2018 እስከ 2024 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርታለች።

ይህን የመሰለ የውድድር ዘመን ምን አቆመው? ጽናት፣ አዎ። ተሰጥኦ፣ አዎ። ነገር ግን የማንናገረው ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የለንደንና የኒው ዮርክ ጎዳና ነው። ሩጫ የውጭ ገበያ ያለው ስፖርት ነው። ማራቶን ያሸነፈ ይከፈለዋል፤ ጫማ ሰሪው ይከፍላል፣ አዘጋጁ ከተማ ይከፍላል። የኢትዮጵያ ሯጭ ጡረታዋን የምታገኘው ከሰው ሀገር ጎዳና ነው። መንግሥት እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ እንኳ ገበያው ሯጯን ያሳድራታል፤ ሜዳሊያው ግን በሀገር ስም ይመዘገባል። ከዚህ የተሻለ የስንፍና ድጎማ ከየት ይገኛል?

ማስረጃ ከተፈለገ የሜዳሊያ ሰንጠረዡ ራሱ ይናገራል። እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው 62 የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የሩጫ ናቸው፤ ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን። አንድም የቦክስ፣ አንድም የትግል፣ አንድም የብስክሌት የለም። ቴኳንዶ በየከተማችን ሰፈር ለሰፈር ሲሠለጠን ኖሮ በኦሊምፒክ መድረክ የታየው በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ጨዋታ ነው፤ እርሱም በአንድ ወንድ ተወዳዳሪ፣ በሰሎሞን ደምሴ። ታዲያ 120 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ እግር እንጂ እጅ ያለው ሰው አልተወለደም ማለት ነው? ወይስ ገበያው የማይከፍልበትን ስፖርት እኛም አንሠራውም?

እዚህ ላይ «ክለቦቹስ? ኦሜድላስ፣ መቻልስ፣ ማረሚያ ቤቶችስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ፍትሐዊ ጥያቄም ነው። አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ በፖሊስና በጦር ክለቦች ደመወዝ ነው የቆሙት። ይህ ግን የእኔን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። ደመወዝ በተከፈለበት ቦታ ሯጭ ተገኘ። ክለቦቹ የተተከሉት ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ ከወልቂጤ ሲታዩ ያው ሰው ሀገር ናቸው።

ወደ ኮሪያዊቷ ልመለስ። ለጁዶ የለንደን ማራቶን የለውም፤ አሸናፊዋን የሚያበለጽግ ጎዳና የለም። ስለዚህ ኪም ሚ-ጁንግን የሠራ ነገር ካለ እርሱ ሀገሯ ሆን ብላ የሠራችው መሆን አለበት። ነውም። ዛሬ ዮንግ ኢን ተብሎ የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የጁዶ ትምህርት ቤት ሆኖ ነው፤ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ1953። ዓመቱን ልብ በሉ። የኮሪያ ጦርነት በተኩስ አቁም የቆመበት፣ ሴኡል የፍርስራሽ ክምር የነበረችበት ዓመት ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ልጆች ገና እዚያ ነበሩ። ከስድስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተሰልፈው ከ120 በላይ የሞቱበት ጦርነት ነው። ያች ደሃ፣ የተቃጠለች፣ የእኛን ወታደር ደጅ የጠናች ሀገር ከፍርስራሹ መካከል ለጁዶ ትምህርት ቤት ከፈተች! «ስፖርት የጠገበ ሰው ነገር ነው፤ መጀመሪያ ዳቦ» የሚሉን ሹማምንት ይህን ዓመት ግድግዳቸው ላይ ቢጽፉት ይበጃል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የተረጋጋ፣ ድምፅ የሌለው ሥራ ነው። በ1966 ቴሪንግ ላይ ብሔራዊ የአትሌቶች መንደር ተከፈተ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ላገኙ በየወሩ እስከ ሕይወት ፍጻሜ የሚከፈል አበል ተሠራ። በ1996 ቾ ሚን-ሱን ሁለተኛውን የሴቶች ወርቅ ጨመረች። ኪም ራሷ ውድድር ስታቆም እንደ ብዙዎቹ የእኛ ሻምፒዮኖች በበዓል ቀን ብቻ የምትጠራ የክብር እንግዳ አልሆነችም፤ በዚያው በጁዶ ትምህርት ቤትነት በተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነች። የወደቀችበትንና የጣለችበትን ዕውቀት ለተማሪ ታስተላልፋለች። በ2021 የሀገሯ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ተደረገች፤ ፓሪስ ላይም ልጆቿ በግል ውድድር አንድ ብርና አንድ ነሐስ ይዘው ተመለሱ። ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ለስፖርት ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ለእኔ፣ በዩኒቨርሲቲ እንጀራ ለምበላው ሰው፣ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

ኮሪያን ገነት አድርጌ እንዳልሥል ግን መናገር ያለብኝ አለ። ለዚያ ብሔራዊ ቡድን ሴት ዋና አሠልጣኝ የተሾመችው ከኪም ወርቅ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። በ2019 ደግሞ ሺን ዩ-ዮንግ የተባለች የቀድሞ የጁዶ ተወዳዳሪ በልጅነቷ አሠልጣኟ እንደደፈራት በአደባባይ ተናገረች፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። ሜዳሊያን ብቻ የሚቆጥር ሥርዓት ልጃገረዶችን የሚበላ ማሽን ሊሆን ይችላል። ይህን የምጽፈው ለሚዛን ብዬ አይደለም። በእኛ ከተሞች ያሉ ወላጆች ሴት ልጃቸውን ወደ ማሠልጠኛ ከመላክ የሚያግዳቸው ትልቁ ፍርሃት ይኸው ስለሆነ ነው፤ ፍርሃታቸውም ተረት አይደለም። መፍትሔው ግን ልጅቱን ቤት ማስቀረት ሳይሆን ሴት አሠልጣኝ መቅጠርና ጥፋተኛን ለፍርድ ማቅረብ ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ቡታጅራ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተኛች፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የክልል ምሥረታ በኋላ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ስለ ክልልና ስለ ዞን እዚህ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተጮኋል፣ ሱቅም ተዘግቷል። አዲስ ዞን ሲመጣ አዲስ ጽሕፈት ቤት፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ የስፖርት ኃላፊ ይመጣል። አዲስ አዳራሽ ሲመጣ ግን አላየሁም።

ስፖርት ማለት እዚህ የወንዶች እግር ኳስ ነው። «ሠራተኞቹ» የሚባለው ወልቂጤ ከተማ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲያድግ ከተማው በደስታ ሰክሮ ነበር፤ እኔም አብሬ ተደስቻለሁ። የሚያጠያይቀው ሒሳቡ ነው። በዚያው ዓመት የሊጉ ክለቦች ለአንድ ተጫዋች የሚከፈለው የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከ መወሰን ደርሰው ነበር። ጣሪያ የሚያስፈልገው ወጪው ጣሪያ ሲነካ ነው። የከተማ ክለቦች ወጪ ደግሞ በአብዛኛው ከሕዝብ ካዝና የሚወጣ ነው። አንድ መለስተኛ አዳራሽ በንጣፍ ለማልበስ የስንት ተጫዋች የስንት ወር ደመወዝ እንደሚበቃ የከተሞቻችን ፋይናንስ ክፍሎች በአንድ ከሰዓት ሊያሰሉት ይችላሉ። አላሰሉትም፤ የጠየቃቸው የለምና።

በምሽት በየሰፈሩ ነጭ የቴኳንዶ ልብስ ለብሰው የሚመለሱ ልጆች ታያላችሁ፤ ከእነርሱም መካከል ሴቶች አሉ። በሲሚንቶ ወለል ላይ ነው የሚወድቁት። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የማውቃት ተማሪ፣ የስፖርት አዳራሹ ለሴቶች በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍት እንደሚሆን ለመጠየቅ ሦስት ቢሮ ዞራ መልስ ያገኘችው ከጥበቃው ነበር፦ «ቁልፉ ከእኔ ጋር አይደለም።» አዳራሽ ተሠርቶም እንኳ ቁልፉ የጠፋበት ሀገር ነው የምንኖረው።

የአካባቢያችንን ሴት ስናሞግስ አንድ የተለመደ ዘፈን አለን፤ «የእንሰት ፋቂዋ ክንድ ብረት ነው» እንላለን። ያየ ያውቃል፤ ሥራው ከባድ ነው። ሴትየዋ ተቀምጣ የእንሰቱን ቅጠል ዘንግ ከእንጨቱ ጋር በእግሯ ጨቁና፣ በሁለት እጇ እየላገች ቀኑን ሙሉ ትውላለች። የጁዶ ተጋጣሚ የሚያስፈልጋት የእጅ ጭብጥና የወገብ ብርታት ሁሉ እዚያ አለ። ታዲያ ይህን ብርታት ለስንት ዘመን ስናሞግሰው ኖርን? ቆጮውን በክትፎ እየበላን! ብርታትማ በቆጂም ነበረ፣ ኮሪያም ነበረ። ሙገሳ ብቻውን ሻምፒዮን ቢያወጣ የጉራጌ እናቶች የኦሊምፒክን ሰንጠረዥ በሞሉት ነበር። «ተፈጥሮ የሰጣቸው ጉልበት» የሚለው ምስጋና እንዲሁ የነፃ ጉልበትን በነፃ ለማስቀጠል የሚከፈል ርካሽ ዋጋ ነው።

«ባህላችን ሴት ልጅ ስትታገል አይወድም» የሚሉም አሉ። የትኛው ባህል? በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ወርድወት የተባለች የሙህር ሴት ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን ተቃውማ፣ ሴት ባሏን የመፍታት መብት እንዲኖራት ጠይቃ፣ ሴቶችን አሰባስባ በየጆካ ሸንጎ ፊት የቆመችው እዚሁ ጉራጌ ውስጥ ነው። ባሏ ያልፈታትን ሴት እንደገና እንዳታገባ የሚያስረውን አንቂት የተባለ ልማድ ተጋፍጣለች። ስሟን ዛሬ በመድረክ ተውኔት እናወድሰዋለን፤ የልጅ ልጅ ልጆቿ አንድ ንጣፍ ሲጠይቁ ግን ባህል እንጠቅሳለን።

ከዚህ ክልል ሻምፒዮን አልወጣም ማለትም አይደለም። ሎዛ አበራ የዱራሜ ልጅ ናት፤ ዛሬ ሁላችንም በምንጋራው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። ሐዋሳ ሄደች፣ ደደቢት ገባች፣ ስዊድን ተሻገረች፣ ማልታ ላይ ከቢርኪርካራ ጋር ጎል አዘነበች፣ ተመልሳ ለንግድ ባንክ ተጫወተች፣ በ2024 ወደ አሜሪካ አቀናች። በየቦታው አጨበጨብንላት። የመንገዷ ዝርዝር ግን በራሱ ይናገራል፦ ከትውልድ ከተማዋ በቀር ሁሉም አለበት።

ገንዘብ የለም የሚለውን ክርክር ከጉራጌ ሰው ስሰማ ይገርመኛል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መንግሥት መንገድ አልሠራ ሲል የዚህ አካባቢ ተወላጅ፣ ነጋዴውም ሊስትሮውም፣ ብር አዋጥቶ ማኅበር አቁሞ መንገድ ያወጣ ሕዝብ ነው። ዛሬ መርካቶ ውስጥ ያለው የአንድ ረድፍ ሱቅ ባለቤቶች ለአንድ ሠርግ የሚያዋጡት የሁለት ከተማ ንጣፍ ይገዛል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ይህን የምለው መንግሥትን ከኃላፊነቱ ለማውረድ አይደለም። አዳራሽ መሥራትና አሠልጣኝ መቅጠር የመንግሥት ሥራ ነው፤ ግብር የምንከፍለው ለዚሁ ነው። ሕዝቡ ግን ቢያንስ ለመጠየቅ ያፈረውን ነገር ማፈር ይተው።

የምጠይቀውም የኦሊምፒክ ወርቅ አይደለም። ወርቁ ቢመጣ በሠላሳ ዓመት ነው፤ ኮሪያም ከጁዶ ትምህርት ቤቱ እስከ ኪም ወርቅ 39 ዓመት ጠብቃለች። የምጠይቀው በሚቀጥለው የበጀት ዓመት በወልቂጤ አንድ፣ በቡታጅራ አንድ፣ ንጣፍ የለበሰ አዳራሽ፤ ደመወዟ በወቅቱ የሚከፈላት አንዲት ሴት አሠልጣኝ ለየከተማው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ለሴት ልጆች ብቻ የተለየ ሰዓት፤ ሰዓቱም በር ላይ የተለጠፈ። የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ስማቸውን በዚህ ገጽ ማንሣት አልፈለግሁም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። የዘንድሮ ሪፖርታቸውን ሲያቀርቡ «ንቅናቄ ፈጠርን፣ ግንዛቤ አስጨበጥን» ከሚለው ገጽ በፊት ሦስት ቁጥር ይንገሩን፦ ስንት ልጃገረድ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ቁልፉስ ከማን ዘንድ ነው?